ኳሱን ተጫወትነው፤ ማን ጻፈው?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን አባባል የማያውቅ ተማሪ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይገኛል ብለን አናምንም። በፈተና ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በክርክር ጉባኤ ይጠቀሳል፤ የሰማው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ አባባሉ ከቤተ መጻሕፍት ደጅ አልፎ እስከ ኳስ ሜዳ ሲደርስ አይታይም። በኳስ ሜዳ የሆነው ሁሉ በቃል ይወራል፥ በቃል ይጋነናል፥ በቃልም ይጠፋል። ዛሬ በዚህ መጽሔት ልንናገርበት የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው።

ስለ ኳስ ስላነሣን አንባቢያችን ገጹን ቶሎ እንዳይገለብጥ እንለምናለን። ጉዳዩ የጨዋታ ይምሰል እንጂ ውስጡ የታሪክ ጉዳይ ነው። ሐሳባችንም በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ብርቅ የሆነ ነገር ብርቅነቱ የሚታወቀው ተራው ነገር በትጋት ሲጻፍ ብቻ ነው። ተራውን ያልጻፈ ሕዝብ ብርቁንም ያጣዋል። ይህን ለማስረዳት ከካርቱም እስከ ግንደወይን ድረስ እንሄዳለንና ታገሡን።

ከራት በኋላ በመኝታ ቤቶቻችን መካከል የሚደረገውን የኳስ ክርክር ቆም ብሎ ያዳመጠ ሰው በሚሰማው የዕውቀት ብዛት መደነቁ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ማራዶና በእንግሊዝ ላይ በእጁ ያገባት ጎል በስንተኛው ደቂቃ እንደ ሆነች ጠይቁ፤ «በ51ኛው» የሚል መልስ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። ተከላካዮቹን ሁሉ አልፎ ያገባት ሁለተኛይቱስ? «በ55ኛው»። ይህን የሚመልሰው ልጅ ጨዋታው ሲደረግ ገና አልተወለደም፤ ሜክሲኮንም በካርታ እንጂ በዓይኑ አያውቃትም። ዕውቀቱን አንነቅፍበትም። የሰው አገር ሰዎች ጽፈው ስላኖሩት ለዚህ ልጅ ደረሰው፤ የጽሕፈትም ጥቅሙ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ለእነዚሁ ሊቃውንት ሌላ ጥያቄ እናቅርብ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ አንድ ጊዜ ወስዳለች። በፍጻሜው ጨዋታ ጎሎቹን ያገቡት እነማን ናቸው? በስንተኛውስ ደቂቃ? «መንግሥቱ ወርቁ፥ ሉቻኖ» ይባልና ክርክሩ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው፥ «አያቴ ሲናገሩ እንደ ሰማሁት ከሆነ» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሚመጣው ክርክር ስንቅ እንዲሆን ጥቂቱን ከዚህ በታች እናሰፍራለን።

የአፍሪካ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ነው። እንዲካፈሉ የታሰቡት አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ግን በዘር ልዩነት ሕጓ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በግማሽ ፍጻሜ ከእርስዋ ጋር ሊጋጠም የነበረው የእኛ ቡድን ስለ ሆነ፥ ኢትዮጵያ አንዲት ኳስ ሳትመታ በፎርፌ ለፍጻሜ ደረሰች። የካቲት 9 ቀን ከግብፅ ጋር ተጋጥማ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ጎሎች ያገባው አድ ዲባ የተባለ አንድ ሰው ነው። እንግዲህ አገራችን በሜዳ ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውታ፥ በዚያውም ተሸንፋ፥ አንድም ጎል ሳታገባ የአፍሪካ ሁለተኛ ሆነች ማለት ነው።

ይህ ሲነገር ሰው ይሥቃል፤ መሣቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሣቁ ሲያልቅ ከበስተኋላው ያለው ቁም ነገር ብቅ ይላል። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ያገደው ከአራት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ገና አዲስ የተቋቋመው የአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር ግን በመጀመሪያው ውድድሩ ላይ፥ አራት አገር ብቻ ይዞ ሳለ፥ አንዱን ለክብር ሲል ለማጣት ቈረጠ። ለኳስ ወሬ ብቻ የምትመስለው ያች የፎርፌ ነገር የአህጉራችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ ናት። ተራ ወሬ የምንለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ጫፉን ሲስቡት ትልቅ ነገር ይከተላል።

ያ አድ ዲባ የተባለው ግብፃዊ መጫወቱን ትቶ ዳኛ ከሆነ በኋላ ወደ አገራችን መጥቷል። በጥር ወር 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ስታሸንፍ የመሐል ዳኛው እርሱ ነበረ። በአንዱ ፍጻሜ አራት ጎል አግብቶ ሌላውን ፍጻሜ በፊሽካ የመራ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ወደ ዋንጫችን እንመለስ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የዋለው በእሑድ፥ በቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የተጋጠሙት ኢትዮጵያና በዚያን ጊዜ የተባበረችው የዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናቸው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጭብጨባውን ሳይጨርስ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተላለፈ። በ101ኛው ደቂቃ የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ፥ በ117ኛው ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። 4 ለ 2 ሆነ፤ ዋንጫውንም ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቻኖ አስረከቡ። የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ብርቅ የሚባለው ስንት ነው? ሁለት ወንድማማቾች በአንድ የፍጻሜ ቀን ለአንድ አገር አግብተዋል። አራት አገሮች ብቻ በተካፈሉበት ውድድር ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጫውታ ዋንጫ ወስዳለች፤ ጥር 6 ቀን ቱኒዝያን፥ ጥር 13 ቀን ግብፅን፤ ሁለቱንም 4 ለ 2። ከዚያ በፊት ግብፅ በ1949 በካርቱም 4 ለ 0፥ በ1951 በካይሮ እንደ ገና 4 ለ 0 አሸንፋን ነበረ። በሦስተኛው ጊዜ አራቱ ወደ እኛ ዞረ።

አንድ ሌላ እንጨምር። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተደረገው ውድድር በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ኖረች። በመጨረሻ ስትመለስ ውድድሩ በደቡብ አፍሪካ ነበረ፤ በ1949 ባለመምጣቷ ለፍጻሜ ያሳለፈችን ያችው አገር፥ አሁን ሕጓ ተለውጦ አስተናጋጃችን ሆነች። የመጀመሪያው ጨዋታ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ከዛምቢያ ጋር ነው። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ ቀድማ አገባች፤ አሥር ሰው የቀረው ቡድናችን ግን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ቀኑን ስትመለከቱ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ዋንጫው ከተወሰደ ልክ 51 ዓመት፥ አንድ ቀን ሳይጎድል፥ አንድ ቀን ሳይተርፍ።

ይህን የቀን መገጣጠም ማን ሊያውቀው ይችል ነበር? «ከጥምቀት ወዲህ ነው መሰለኝ» የሚል የቃል ወሬ ብቻ ቢኖረን ኖሮ ማንም አያውቀውም። ሁለቱም ቀኖች በጽሑፍ ስለ ተገኙ ነው ጎን ለጎን ሊቆሙ የቻሉት። ወደ ዋናው ነገራችን የምንደርሰውም እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። እኛ አገር ብዙ አይታወቅም፤ አንዱ ወገን ትንሽ ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ መትቶ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ማረፊያ ይሮጣል። ከሚመታው ወገን ሦስት ሰው ከተቀጣ ተራው ለሌላው ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ የሚቀጡት አንድ በአንድ፥ በብዙ ሰው ትብብር ነው። አንዳንዴ ግን አንድ ተጫዋች ብቻውን፥ በአንድ ምት ውስጥ፥ ኳሷን ከአየር ላይ ቀልቦ አንዱን፥ ማረፊያውን ረግጦ ሁለተኛውን፥ ሯጩን በኳሷ ነክቶ ሦስተኛውን ይቀጣል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 2009 የፊላደልፊያው ኤሪክ ብራንትሌት ይህን አድርጎ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር የነበረውን ጨዋታ በዚያው ጨረሰው። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ በታላላቆቹ ማኅበራት ይህ ሲደረግ እርሱ 15ኛው ነበረ።

ልብ በሉ፤ የሚያስደንቀን ተጫዋቹ ብቻ አይደለም። «15ኛው» የምትለዋ ቃል ናት የምታስደንቀን። እንዴት ዐወቁ? ያወቁት ሌላውን ሁሉ ስለ ጻፉ ነው። በእንግሊዝ ተወልዶ በኒው ዮርክ ያደገው ጋዜጠኛ ሄንሪ ቻድዊክ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ገደማ የጨዋታውን ውጤት በሠንጠረዥ መጻፍ እንዲለመድ አደረገ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ሳይቀር እርሳስና ወረቀት ይዞ የሚቀመጥበት ባህል ተፈጠረ። ምንም ያልተደረገበት፥ አሰልቺ የሆነው ጨዋታ ሳይቀር ተጻፈ። አሥር ሺህ ተራ ቀን ስለ ተጻፈ አሥራ አምስቱ ብርቅ ቀን ተለይቶ ታወቀ። እኛ ዘንድ ግን የሚነገረው ብርቁ ብቻ ነው፤ ተራው ስላልተጻፈም ብርቁ በእርግጥ ብርቅ ይሁን ወይም የተለመደ የሚለየው የለም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፥ «ይህ ሁሉ መዝናኛ ነው፤ ባይጻፍ ምን ይጎድላል?» ይሉ ይሆናል። የሚጎድለውን በ2005 ዓ.ም. አይተነዋል። ብሔራዊ ቡድናችን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ሲወዳደር ሰኔ 1 ቀን በቦትስዋና ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ቀን ደግሞ በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረታ፤ በዚያ ጨዋታ የደቡብ አፍሪካው በርናርድ ፓርከር መጀመሪያ ለአገሩ፥ ኋላም በራሱ በረኛ ላይ አግብቶ በሁለቱም ወገን የጎል ባለቤት ሆነ። ሕዝቡ በየመንገዱ ሲጨፍር ዋለ። በዚያው ቀን ግን ፊፋ ስለ ቦትስዋናው ጨዋታ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ተጫዋቹ ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለ ተሰጠው በቦትስዋናው ጨዋታ ሊሰለፍ አይገባውም ነበር። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ሁለት ለአንድ ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቈጠረ፤ ሦስት ነጥብም ተወሰደብን።

በዚያ ጉዳይ የጠፋው ጉልበት አይደለም፤ ብልሃትም አይደለም። ልጆቹ ሮጠዋል፥ አግብተዋል፥ አሸንፈዋል። የጠፋው በሁለት መስመር የሚያልቅ ጽሑፍ ነው፤ የተጫዋቹ ስም፥ የጨዋታው ቀን፥ አንድ ቢጫ፤ ሌላ ቀን፥ ሌላ ቢጫ። ዳኛው ጽፎታል፤ ፊፋም ጽፎታል። ዕድል ሆኖ ቡድናችን ቀጥሎ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን መራ፤ በመጨረሻው ማጣሪያ ግን በናይጄሪያ ተሸነፈ። ዕድል ባይሆን ኖሮ የዚያ ዘመን ትውልድ ልፋት በሁለት መስመር ጕድለት ተሰርዞ ይቀር ነበር። መዝገብ መዝናኛ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አናውቅም።

አንዳንዴ ደግሞ የተጻፈ ሕግ ያድናል። መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ቡድናችን በአቢጃን ከኮትዲቯር ጋር ሲጫወት 3 ለ 1 እየተመራ ሳለ በ80ኛው ደቂቃ የጋናው ዳኛ ቻርልስ ቡሉ ሜዳ ላይ ወደቁ፤ ጨዋታውም ሳያልቅ ቆመ። በሌላው ሜዳ ማዳጋስካርና ኒጀር 0 ለ 0 ስለ ወጡ ኢትዮጵያ ተሸንፋም፥ ጨዋታዋም ሳይጨረስ፥ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ነጥቦቹ ሁሉ ተጽፈው ስለ ነበሩ ክርክር አልተነሣም። ይህ በሁለት መንደሮች መካከል በቃል ብቻ የተደረገ ግጥሚያ ቢሆን ኖሮ ጠቡ እስከ ልጅ ልጅ ይደርስ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ትልልቁ ሜዳ ነው። ለትልልቁ ሜዳ ቢያንስ የውጭ ሰዎች ይጽፉለታል፤ ከእኛም ወገን እንደ ጋዜጠኛው ገነነ መኩሪያ ያሉ ሰዎች ያለፈውን የኳስ ታሪክ እያሳደዱ በጽሑፍ ለማኖር ደክመዋል። ማንም የማይጽፍለት ግን ትንሹ ሜዳ ነው። እኛ የመጣነው ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከግንደወይን ነውና ስለምናውቀው ስለዚያ አገር እንናገር።

በምሥራቅ ጎጃም ከእግር ኳስ በፊት የነበረው የገና ጨዋታ ነው። ራሱ ቆልመም ያለ ዱላ፥ ሩር የምትባል ድቡልቡል፥ ሰፊ መስክ፥ ሁለት ወገን፤ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። እረኞች የጌታን ልደት በሰሙ ጊዜ በዱላቸው ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት ጋር ተያይዞ ስንት ዘመን እንደ ኖረ ሁሉም ያውቃል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ባለጸጋውና ድኻው፥ ሽማግሌውና ጎረምሳው በአንድ መስክ ተጋፍቷል። ዛሬ ገና በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ገብቶ የተጻፈ ደንብ ወጥቶለታል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ደንቡ ተጻፈ እንጂ የተጫወቱት ሰዎች አልተጻፉም።

ወደ አንድ ሽማግሌ ቀርባችሁ ብትጠይቁ ስለ ሩር ምት የሚነግሯችሁ ብዙ ነው። አንዱ በአንድ ምት ሩሯን ወንዝ አሻግሯታል፤ ሌላው ዱላው ተሰብሮበት በግማሽ ዱላ አሸንፏል። «አባባ፥ ይህ በየትኛው ዓመት ነበር?» ብትሏቸው፥ «ልጄ፥ ያ አንበጣ የመጣ ጊዜ» ይላሉ። «የመታውስ ሰው ማን ነበር?» ስትሉ የአባቱ ስም ይጠፋባቸዋል። ወደ ማዶው መንደር ብትሻገሩ ያንኑ ምት ሌላ ሰው መትቶት ታገኙታላችሁ። ሽማግሌዎቹ አልዋሹም። የሰው ልብ ግን የወገኑን ድል ያሳድጋል፥ የወገኑን ሽንፈት ያሳጥራል። በአርትስ ፋኩልቲ የታሪክ ትምህርት ስንማር አንዱን ምስክር ከሌላው ጋር አስተያዩ የምንባለው ስለዚህ ነው። ያንን ትምህርት ለዐፄዎች ዜና መዋዕል ብቻ ማስቀመጥ ምን ይባላል?

የትምህርት ቤቶቹ ኳስም እንዲሁ ነው። የግንደወይን ልጆች ከሞጣ ወይም ከብቸና ልጆች ጋር ሲጋጠሙ ያች ቀን ለዚያ አገር እንደ ካርቱምና እንደ ካይሮ ናት። ከጨርቅ የተጠቀለለች ኳስ እየመታ ያደገ ልጅ በዚያ ሜዳ አንድ ቀን ማንም ያላየውን ሊያደርግ ይችላል። ቢያደርገው ማን ያውቅለታል? በማግስቱ ይወራል፤ በዓመቱ ይረሳል። ልጁም ካደገ በኋላ ቢናገር ጉረኛ ይባላል።

አንዳንዱ ደግሞ፥ «መጻፍ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ የእኛ ባህል የቃል ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ጎጃምን ካለማወቅ የመጣ ነው። ቅኔን እንመልከት። በዲማና በደብረ ወርቅ አገር ቅኔ ለዕለቱ ይዘረፋል፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። በባሕርዩ እንደ ጎል ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ታዲያ የጥንቶቹ መምህራን ቅኔ እንዴት ደረሰን? ተማሪው በጆሮው ቀልቦ፥ ባለቤቱን ጠርቶ፥ ለምን ነገር እንደ ተባለ ታሪኩን አያይዞ ስላቆየው፥ ኋላም በብራናና በወረቀት ስላኖረው ነው። ባለቤቱና ታሪኩ ያልተነገረለት ቅኔ ግማሹ ጠፍቷል ይባላል። እኛ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ለቅኔ የተደረገው ለሩርና ለኳስ ይደረግ ነው የምንለው፤ ማን መታ፥ መቼ መታ፥ በምን ምክንያት።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ የከበደ ስለ ሆነ ዝም ብለን አናልፈውም። «ሕዝቡ ብዙ ችግር አለበት፤ የተማረ ወጣት ስለ ጎል ደቂቃ ሲጨነቅ አያፍርም?» የሚሉ አሉ። አባባሉ ከመልካም ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን የጎል ደቂቃ መጻፍ ከእህል ላይ ምንም አይቀንስም፤ የሚፈጀው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። ከዚህም በላይ፥ በጨዋታ ቀን በትክክል መጻፍ የለመደ እጅ ነገ የቀበሌውን መዝገብ፥ የዕድሩን ሒሳብ፥ የትምህርት ቤቱን ቁጥር በትክክል ይጽፋል። ሁለት ቢጫ ካርድ መቍጠር ያቃተው ልማድ ሌላም ነገር መቍጠር ያቅተዋል። ድኻ ገበሬ ደግሞ ችግሩ ብቻ እንዲጻፍለት አይወድም። በዚያ መስክ የሣቀበትና ያሸነፈበት ቀንም የታሪኩ ክፍል ነው።

ጊዜውም እየሄደ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. ዐርፈዋል። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም. ሞቷል። ሉቻኖ ቫሳሎም እ.ኤ.አ. በ2022 ከአገር ርቆ በኢጣልያ አረፈ። ስለ እነርሱ ቢያንስ ጋዜጣና ፊልም ቀርቷል። ከግንደወይን መስክ በሚያልፈው ሰው ግን ጋዜጣ አይቀርለትም፤ አንድ ሽማግሌ ሲሞት ከእርሱ ጋር የሚቀበረው ጨዋታ ስንት እንደ ሆነ ማንም ሊነግረን አይችልም።

ስለዚህ ለኅብረታችን አባሎች የምናቀርበው ሐሳብ ቀላልና ወዲያው ሊሠራ የሚችል ነው። አንደኛ፥ ለበዓልም ሆነ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አንድ ደብተር ለጨዋታ ታሪክ ብቻ ይያዝ። ሁለተኛ፥ በፊቱ የሚደረገውን ግጥሚያ ሲጽፍ ቀኑን፥ ቦታውን፥ የሁለቱን ወገን ስም፥ የተጫዋቾቹን ስም ከነአባታቸው፥ ውጤቱን፥ የዳኛውን ስም ይጻፍ፤ ጨዋታው አሰልቺ ነበረ ብሎ አይተው፤ የብርቁ መለኪያ ተራው ነውና። ሦስተኛ፥ ሽማግሌ ሲጠይቅ በአክብሮት ይጠይቅ፤ የሰማውንም ከነተናጋሪው ይመዝግብ፤ ከማዶው መንደር አንድ ሌላ ምስክር ሳይሰማ «እውነት ነው» ብሎ አይደምድም። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጻፍ። አራተኛ፥ ደብተሩ በሁለት ቅጂ ይገልበጥ፤ አንዱ በአገሩ ትምህርት ቤት፥ ሌላው እዚህ በኅብረታችን ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። መጽሔታችንም በየጊዜው ከነዚህ ደብተሮች አንድ ገጽ ብታትም ማንም አንባቢ የሚከፋው አይመስለንም።

ይህን ስንል ከየመንደሩ ማራዶና ይወጣል ብለን ተስፋ እየሰጠን አይደለም። አብዛኛው የሚጻፈው ነገር ተራ ይሆናል፤ አንድ ለዜሮ፥ ዜሮ ለዜሮ፥ በዝናብ ምክንያት የቀረ። ይሁን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ የግንደወይን ልጅ ያንን ደብተር ሲገልጥ፥ አያቱ በየትኛው ቀን፥ በማን ላይ፥ እንዴት አድርጎ እንዳገባ ከነደቂቃው ያነባል፤ በመኝታ ቤቱም ክርክር ላይ «ሲናገሩ እንደ ሰማሁት» ሳይሆን «ተጽፎ እንዳነበብሁት» ብሎ ይመልሳል። በሚመጣው ገና ሩሯ ስትመታ ከሜዳው ዳር አንድ ደብተር ይገኝ።